ጠዋት ጠዋት የሚጠፋው ኮምፒውተር

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ዳር፣ ማመልከቻ የሚተየብበት፣ ቅጽ የሚሞላበት፣ መታወቂያ ኮፒ የሚደረግበት አንድ ጠባብ ጽሕፈት ቤት አለ። እዚያ ያለው ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አንድ ቀን በሥራ መሀል ድርግም ብሎ ጠፋ። መብራት አልሄደም። አምፖሉ በርቷል፤ ፎቶ ኮፒ ማሽኑም ሥራውን አላቋረጠም። ቁልፉን ሲጫኑት ተነሣ፣ ትንሽ ሠርቶ ደግሞ ጠፋ።

አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር ሲያስቸግር የመጀመሪያው ተከሳሽ ቫይረስ ነው። ስለዚህ ፎርማት ተደረገ፤ አልተሻለውም። ቀጥሎ ራሙ ተነቅሎ ወርቃማ ጥርሱ በላጲስ ተፈተገ። ይህ የሰፈር ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል። በዚህ ጊዜ ግን አልሠራም። በመጨረሻ «ማዘርቦርዱ ነው፣ ሌላ ግዙ» የሚል ፍርድ ተሰጠ። የቤቱ ባለቤት በዚህ ሁሉ መሀል ደጋግማ የምትለውን የሰማት አልነበረም፤ «ጠዋት ጠዋት ነው የሚጠፋው፤ ከሰዓት በኋላ ምንም አይልም።»

ይህን ነገሬ ብሎ የያዘው ከመገናኛ የተጠራው ጠጋኝ ነው። መገናኛ ዙሪያ ባሉት ሕንፃዎች፣ ከልብስና ከሞባይል ሱቆች ጎን፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚጠብቅባቸው የጥገና ክፍሎች ሞልተዋል፤ ልጁ ከአንዱ ነው የመጣው። እንደገባ ኮምፒውተሩን አልከፈተም። በእጁ ጀርባ ቆርቆሮውን ነካ አድርጎ ቶሎ መለሰ።

«ይነዝራችኋል አይደል?»

«ለምደነዋል» አለች።

መንዘሩ የራሱ ታሪክ አለው። ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠው ሳጥን፣ ፓወር ሰፕላይ፣ መግቢያው ላይ ሁለት ትናንሽ ካፓሲተሮች አሉት፤ ከሁለቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች ወደ ብረቱ አካል የተዘረጉ ናቸው፤ ሥራቸው የሚረብሽ ሞገድን ወደ መሬት መሸኘት ነው። ቤቱ የመሬት መስመር ከሌለው መሸኛ ያጣሉ፤ ቆርቆሮው በ220ው እኩሌታ፣ በ110 ቮልት ገደማ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። የሚያልፈው ኃይል እጅግ ጥቂት ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አያስደነግጥም። ልጁ የመጣበት በሽታ ይህ አልነበረም። ስለ ቤቱ ሽቦ ግን አንድ ነገር ሹክ ብሎታል።

«የወረቀት ማያያዣ ይኖርሻል?» አለ። ጽሕፈት ቤት ምን ይታጣል? ስፒናውን ነቀለ፣ ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈታ፣ ባለ 24 ቀዳዳውን ማገናኛ ከማዘርቦርዱ ሳብ አድርጎ አወጣው። ከገመዶቹ መሀል አረንጓዴው አንድ ብቻ ነው፤ ጥቁሮቹ ብዙ ናቸው። ማያያዣውን ዘርግቶ አንዱን ጫፍ አረንጓዴው ጋ፣ ሌላውን ጥቁሩ ጋ ሰካና ስፒናውን መለሰ። አረንጓዴው ማዘርቦርዱ ፓወር ሰፕላዩን የሚቀሰቅስበት ነው፤ ከጥቁሩ ጋር ከተገናኘ ፓወር ሰፕላዩ ያለ ኮምፒውተር ብቻውን ይነሣል። ተነሣም፤ ማራገቢያው ዞረ። ቴስተሩ ቢጫው ገመድ ላይ 12.1፣ ቀዩ ላይ 5.0፣ ብርቱካናማው ላይ 3.3 ቮልት አነበበ። እንከን የለውም።

«እንግዲያው እውነትም ማዘርቦርዱ ነው?»

«ቆይ እህቴ፤ ባዶውን የማይራመድ አህያ የለም። ስንጭነው ነው የምናየው።»

ሁሉንም መልሶ ሰካና ኮምፒውተሩን ሥራ አበዛበት። አሁን ቢጫው ገመድ 11.6 አለ፤ ከዚያ 11.4፤ ከዚያ 11.2። መስፈርቱ 12 ቮልቱ ከ5 በመቶ በላይ እንዳይዋዥቅ፣ ማለትም ከ11.4 በታች እንዳይወርድ ያዛል። ከዚህ ሲያልፍ በግራጫው ገመድ የሚሄደው «ኃይሉ ደህና ነው» የሚል ምልክት ይቋረጣል፤ ማዘርቦርዱም ጽሑፍ ይኑር አይኑር ሳይጠይቅ ሥራውን ይጥላል። ኮምፒውተሩ ዓይናችን እያየ ጠፋ።

ፓወር ሰፕላይ የሚባለው ሳጥን ምን እንደሚሠራ ካላወቅን የቀረው ታሪክ አይገባንም። የድሮ የኃይል መለወጫ ከባድ ብረት ላይ መዳብ የተጠመጠመበት ትራንስፎርመር ነበር። የዛሬው ከግድግዳ የመጣውን ኃይል መጀመሪያ አንድ አቅጣጫ ያስይዘውና ከ300 ቮልት በላይ አድርጎ ትልቅ ካፓሲተር ውስጥ ያጠራቅማል፤ ከዚያ በሴኮንድ ብዙ አሥር ሺህ ጊዜ ይቆራርጠዋል። ፍጥነቱ ሲጨምር ትራንስፎርመሯ ጭብጥ የምታህል ትሆናለች። በ1977 እ.ኤ.አ. አፕል ሁለት ሲወጣ ሮድ ሆልት የተባለው መሐንዲስ ይህንኑ ዘዴ ተጠቅሞ ያለ ማራገቢያ የሚሠራ ቀላል ሳጥን አበጀለት፤ ዘዴው ግን ከእርሱ በፊትም ነበረ። በ1995 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢንቴል ኤቲኤክስ የተባለውን መስፈርት አወጣ። መገናኛ የተገዛ ፓወር ሰፕላይ ሌላ አገር በተሠራ ኮምፒውተር ላይ ልክ የሚገጥመው በዚህ ምክንያት ነው።

አዲስ ፓወር ሰፕላይ ለመግዛት ልጁ ወደ መገናኛ ወረደ፤ እኔም አብሬው ወረድኩ፤ የሚተየብልኝ ጽሑፍ መሀል መንገድ ላይ ቀርቶ ነበርና። ሱቁ ውስጥ መጀመሪያ ያደረገው እያንዳንዱን በእጁ መመዘን ነው። የቀለለውን መለሰ። ከዚያ ጎኑ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ አነበበ። አንዱ ካርቶኑ ላይ በትልቁ 500 ዋት ይላል፤ ሰንጠረዡ ውስጥ ግን 12 ቮልቱ 18 አምፔር ብቻ ነው። 12 በ18 ሲባዛ 216። የዛሬ ኮምፒውተር አብዛኛውን ኃይሉን የሚስበው ከ12 ቮልቱ ስለሆነ የካርቶኑን ቁጥር ማንበብ ራስን ማታለል ነው። ጠንከር ያለውን መረጠ። ጀርባው ላይ 115 እና 230 የተጻፈበት ቀይ ማብሪያ አለ፤ በ230 በኩል መሆኑን አየ። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ኮምፒውተር ስፒናው እንደገባ ጧ ብሎ ጭስ የሚያወጣው ይህች ማብሪያ 115 ላይ ስለቀረች ነው፤ እዚያ ላይ ስትሆን የገባውን ቮልት እጥፍ አድርጋ ታጠራቅማለች፤ ባለ 200 ቮልቶቹ ካፓሲተሮች ደግሞ የእኛን 220 እጥፍ አይችሉም።

አዲሱ ተገጠመ፤ ጠዋቱም ያለ ችግር አለፈ። አሮጌው ጠረጴዛ ላይ ተከፈተ። ይህን ማንም ቤቱ እንዳይሞክር፤ ትልቁ ካፓሲተር ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ገዳይ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። ልጁ የአምፖል ገመድ ሲያስነካው አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከሰመ። መውጫው በኩል ያሉት ትናንሾቹ ካፓሲተሮች አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን ሲገባው ጉብ ጉብ ብሏል፤ ከአንዱ ቡናማ ፈሳሽ ወጥቶ ደርቋል። በእነዚህ ጣሳዎች ውስጥ ፈሳሽ የጠጣ ወረቀት ከአሉሚኒየም ጋር ተጠቅልሎ አለ። ጠላታቸው ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያጥራል ይላል የሙያው ደንብ።

እዚህ ላይ ልጁ ሽፋኑን ገልብጦ ያሳየኝ ነገር ነው ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ። ከምልክቶቹ መሀል አንዲት ሦስት ማዕዘን፣ በውስጧ ተራራ፣ ከጎኗ 2000 የሚል ቁጥርና የቻይንኛ ጽሑፍ። በስልክ ስናስተረጉመው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በማይበልጥ ስፍራ ብቻ በደህና የሚሠራ ነው ይላል። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2334 ሜትር ላይ ነው። እኛ ደግሞ ከዚያ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነን።

ቻይና ይህን ምልክት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የደህንነት መስፈርት ያስገደደችው ለእኛ ብላ አይደለም፤ 3650 ሜትር ላይ እንዳለችው እንደ ላሳ፣ የቲቤት ከተማ፣ ያሉ ከፍታ ቦታዎች ስላሏት ነው። አየር ሲሳሳ ብልጭታን የመከልከል አቅሙ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከፍተኛ ቮልት ባላቸው ክፍሎች መካከል ያለው ክፍተት መስፋት አለበት። የዓለም አቀፉ መስፈርት ሰንጠረዥ ለ3000 ሜትር ክፍተቱ በ1.14 ይባዛ ይላል። እውነቱን ለመናገር ይህ ብዙ አያስፈራም፤ ከተማው ሙሉ በእነዚህ ሳጥኖች ሲሠራ ኖሯል። ለእኛ የሚብሰው ሌላው ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚያልፈው አየር ቀላል ስለሆነ ሙቀት ይዞ የመውጣት አቅሙ ያንሳል። ከዚህ ዳገት አናት፣ 3200 ሜትር ላይ፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉት፤ ለኮከብ ተመልካች የሳሳ አየር በረከት ነው። ለማራገቢያ አይደለም። የሰፈሩ ብርድ በመጠኑ ይክሳል፤ በአቧራ ለተደፈነ ቀዳዳ ግን ብርዱም አያግዘውም።

ሁላችንም ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ጠዋት፣ አዲሱ ፓወር ሰፕላይ ያለበት ኮምፒውተር ድርግም አለ።

«ብዬህ አልነበር?» አለችው። ብላው ነበር።

በዚህ ጊዜ ልጁ ኮምፒውተሩን ትቶ ቴስተሩን ዲቫይደሩ ላይ ሰክቶ ተቀመጠ። 218፣ 215። ከዚያ በአንድ ጊዜ 180። «ምን ተከፈተ?» ማንም ምንም አልከፈተም። ፎቶ ኮፒው ለመሞቅ ኃይል ሲስብ ደግሞ ለቅጽበት 160ዎቹ ውስጥ ገባ። ልጁ ተነሥቶ ወደ ግቢው ጓሮ ዞረ፤ የጭስ ሳይሆን የሊጥ ሽታ እየመራው። እዚያ አንዲት እናት ለሱቆች የሚከፋፈል እንጀራ ይጋግራሉ፤ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ጎን ለጎን ተጥዷል። ሥራቸውን ከረፋዱ በፊት ነው የሚጨርሱት።

ምጣድ አንዱ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይፈልጋል፤ ጽሕፈት ቤቱ በሙሉ ከሚጠቀመው ይበልጣል። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው በዚሁ ዳገት የሚወርዱ ሴቶችን ያየ ሰው ያንን ሸክም ገመድ ሲረከበው አይከፋውም። ገመዱ ግን መቻል አለበት።

ምጣድና ኮምፒውተር ቮልት ሲወርድ የሚያሳዩት ጠባይ ተቃራኒ ነው። ኮምፒውተሩ የሚፈልገው ኃይል ስለማይቀንስ፣ ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ፓወር ሰፕላዩ ከአንድ አምስተኛ በላይ ተጨማሪ አምፔር ይስባል፤ መግቢያው በኩል ባሉት ሽቦዎች የሚባክነው ሙቀት ደግሞ በግማሽ ያህል ይጨምራል። አሮጌው ሳጥን በየጠዋቱ የተቀቀለው በዚህ ነው። በዚያ ላይ ትልቁ ካፓሲተር የሚያጠራቅመው ኃይል ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ደህና ፓወር ሰፕላይ መብራት ብልጭ ቢል 16 ወይም 17 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ከዚህ ክምችት ያሠራል፤ የመብራታችን አንድ ሞገድ 20 ሚሊ ሴኮንድ ስለሆነ ድሮውንም የሚተርፍ ጊዜ አልነበረም። ፎቶ ኮፒው ሲጨመር አዲሱም አልቻለም።

ምጣዱስ? እርሱ በ180 ቮልት የሚያገኘው ኃይል ራሱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ልጁ ይህን ከማስረዳቱ በፊት እናትየው ቀደሙት።

«ልጄ፣ መብራት ካወቅህስ፣ ይህ ምጣድ አልግል ብሎኛል። እንጀራው ዓይን አላወጣ አለኝ። ጤፉን ቀየርኩ፣ እርሾውን ቀየርኩ።»

«እናቴ፣ ቆጣሪው የት ነው?»

ቆጣሪው አጥሩ ላይ ነው፤ ለግቢው ሁሉ አንድ። እዚያ ሲለካ፣ ሁለቱም ምጣድ እየሠራ፣ 209 አነበበ። ከዚያ እስከ ጓሮው ባለው መንገድ ላይ ነው የቀረው የሚጠፋው። ገመዱን በዓይን ሲከተሉት ቀጭን ነው፤ ድሮ ለአምፖልና ለሬዲዮ የተዘረጋ፤ ጽሕፈት ቤቱም ምጣዶቹም ከእርሱ ይጋራሉ። መሀል ላይ በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ መቀጠያ አለ። ፕላስተሩ ቀልጦ ጠቁሯል። ልጁ እጁን አቅርቦ ሳይነካ «ይኸው» አለ።

ቮልቱ እዚህ እየነደደ ነበር። ሳይታወቅ ቢቀር ኮምፒውተሩ ከጉዳቱ ሁሉ ትንሹ ይሆን ነበር።

አከራዩ መጀመሪያ «ኮምፒውተር ጠፋ ብላችሁ የኔን ሽቦ?» ብለው ተቆጥተው ነበር። መቀጠያውን ሲያዩ ዝም አሉ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠርቶ ከቆጣሪው ለምጣዶቹ ብቻ ወፍራም ገመድ በራሱ ብሬከር ተዘረጋ፤ ጽሕፈት ቤቱ ሌላ መስመር አገኘ፤ እግረ መንገዱንም የመሬት ዘንግ ተቀበረ፤ ቆርቆሮው መንዘሩን ተወ። ዋጋውን ማን ይክፈል የሚለው ከጥገናው ይልቅ ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻ ገመዱን አከራዩ፣ የእጅ ዋጋውን ሁለቱ ተከራዮች ተካፈሉ፤ ልጁም አሮጌውን ፓወር ሰፕላይ ለመለዋወጫ ይዞ ወደ መገናኛ ወረደ፤ ማራገቢያው ገና ደህና ነው።