ሞተሩ ደክሟል ወይስ አየሩ ሳስቷል? የአሮጌ መኪና የመጀመሪያ የጉልበት ልኬት እንዴት ይነበባል?

ለገና በዓል ከአዲስ አበባ ወደ ላሊበላ በራሱ መኪና የተጓዘ ሰው ሲመለስ የሚያነሳው አንድ የተለመደ ስሞታ አለ፡፡ መኪናው ጣርማበር ላይ አቃሰተ፣ ኮምቦልቻ ሲወርድ ነፍስ ዘራ፣ ከወልዲያ ወደ ላስታ ሲያቀና ደግሞ ሦስተኛ ማርሽ አልሸከም አለ፡፡ በማግስቱ ከላሊበላ ወደ ገነተ ማርያም፣ በአፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1270–1285) ከዐለት እንደተፈለፈለች ወደሚነገርላት ቤተ ክርስቲያን ሲጓዝ፣ ዳገቱ ላይ በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸ ሄደ፡፡ አዲስ አበባ እንደተመለሰ ወደ ጋራዥ ይገባል፡፡ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፤ «ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ»፡፡

ይህ ፍርድ ዛሬ ዋጋው ከባድ ነው፡፡ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው፡፡ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ፡፡ በቤንዚን የሚሄድ መኪና ያለው ሰው የያዘውን ሳይጥል መቆየት አለበት ማለት ነው፡፡ ሦስትና አራት መቶ ሺሕ ኪሎ ሜትር የሄደ ሞተር ያለ በቂ ምክንያት ማስፈታት ገንዘብ ከማባከኑም በላይ፣ በደህና ሁኔታ ላይ የነበረ ሞተር በመጥፎ እድሳት የሚበላሽበት አጋጣሚም ጥቂት አይደለም፡፡

የሞተርን ጉልበት በቁጥር የሚናገር መሣሪያ ዳይናሞሜትር፣ በአጭሩ «ዳይኖ» ይባላል፡፡ በዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ወቅት መኪናው ጎማውን ሮለር ላይ አድርጎ ፍሬኑ ሲፈተሽ ያየ አንባቢ ምስሉን በቀላሉ ያገኘዋል፡፡ ልዩነቱ የፍሬን መፈተሻው ጎማው ምን ያህል እንደሚይዝ ሲለካ፣ ዳይኖው ጎማው ሮለሩን በምን ያህል ኃይል እንደሚያሽከረክር መለካቱ ነው፡፡ መኪናው ላይ ምንም ነገር ሳይቀየር በፊት የሚወሰደው ልኬት መነሻ ልኬት ነው፡፡ መሣሪያው በእኛ አገር ጋራዦች በብዛት የሚገኝ አይደለም፤ የአነባበቡ ሥርዓት ግን ዳይኖ ላልደረሰበት የመኪና ባለቤትም ይጠቅማል፡፡

አንድ ምሳሌ እንውሰድ፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1987 የተመረተው የቶዮታ ኮሮላ ሌቪን፣ በስፖርት መኪና ወዳጆች ዘንድ «ኤኢ 86» በሚል መጠሪያው የሚታወቀው፣ ባለ 1.6 ሊትርና ባለ 16 ቫልቭ ሞተር ነበረው፡፡ ጃፓን ውስጥ የተነገረለት ጉልበት 130 የፈረስ ጉልበት ነው፡፡ እንዲህ ያለ መኪና ብዙ መቶ ሺሕ ኪሎ ሜትር ሄዶ ላሊበላ ከተማ ውስጥ ዳይኖ ላይ ቢወጣና 66 የፈረስ ጉልበት ቢያሳይ ባለቤቱ ምን ይላል? «ግማሹ ጠፍቷል» ማለቱ አይቀርም፡፡

ቁጥሩን ወደ ኋላ እንፈታታው፡፡ 130 የተባለው በዚያ ዘመን በጃፓን ይሠራበት በነበረው «ጠቅላላ» በሚባል አለካክ ነው፤ ሞተሩ ብቻውን፣ ጉልበት የሚሻሙት ተቀጥላዎች ተነስተውለት የሚለካበት ማለት ነው፡፡ ይኸው የሞተር ዓይነት አሜሪካ ውስጥ «የተጣራ» በሚባለው አለካክ ሲሸጥ 112 ተብሎ ነበር፡፡ ከልዩነቱ ከፊሉ የአሜሪካ የጭስ መቆጣጠሪያ ቢሆንም፣ ቀሪው የወረቀት ልዩነት ነው፡፡ እነዚህ 112ቱም የተለኩት ሞተሩ ላይ እንጂ ጎማው ላይ አይደለም፡፡ በካምቢዮ፣ በዲፈረንሻልና በጎማ የሚባክነውን በግርድፉ 15 በመቶ ብንይዝ፣ አዲሱ መኪና በባሕር ጠለል ላይ ጎማው ላይ የሚያሳየው ወደ 95 ገደማ ነው፡፡ እስካሁን መኪናው አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አላረጀም፡፡

ቀጥሎ ከፍታው ይመጣል፡፡ ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አዲስ አበባም ከዚያ ብዙም አትርቅም፡፡ በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል፡፡ ውኃ በእኛ ድስት 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው በዚሁ ምክንያት ነው፡፡ ሞተር ደግሞ በመሠረቱ የአየር ፓምፕ ነው፡፡ የሚያቃጥለው ቤንዚን በሚስበው አየር ልክ ስለሚወሰን፣ ሩብ አየር የጎደለበት ሞተር ሩብ ወይም ከሩብ ትንሽ የሚበልጥ ጉልበት ይጎድልበታል፡፡ «ትንሽ የሚበልጥ» የምንለው የውስጥ ሰበቃው ከአየሩ ጋር አብሮ ስለማይቀንስ ነው፡፡

ዳይኖዎች ይህን ለማካካስ የማስተካከያ ብዜት ይጠቀማሉ፡፡ በሰፊው የሚሠራበት የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር፣ ማለትም የኤስኤኢ ቀመር፣ ሁሉንም ልኬት ወደ 990 ሄክቶፓስካል ደረቅ አየርና ወደ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይመልሳል፡፡ ለላሊበላ ከፍታ በ20 ዲግሪ ሙቀት ስናሰላው ብዜቱ 1.37 ገደማ ይወጣል፡፡ የአዲሱ መኪና 95 ለዚህ ሲካፈል 69 ይሆናል፡፡ የእኛ መኪና ያሳየው 66 ነው፡፡ ዕድሜ የወሰደው እንግዲህ ሦስት የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው፤ ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም፡፡ በአንድ መኪና ላይ በተከታታይ የሚወሰዱ ሁለት ልኬቶች ራሳቸው በመቶ አንድና ሁለት እንደሚለያዩ፣ 15 በመቶ ያልነውም ግምት መሆኑን ስናስብ ደግሞ፣ ይህ ሞተር «አርጅቷል» ለማለትም አያስደፍርም፡፡

እዚህ ላይ ግን አንባቢ ከሦስት ወጥመዶች ሊጠነቀቅ ይገባል፡፡ አንደኛው የአየር ግፊቱ ራሱ ነው፡፡ በሞባይል ስልክ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ላይ ስለ ላሊበላ ወይም ስለ አዲስ አበባ የሚነበበው 1,020 አካባቢ የሆነ ግፊት ወደ ባሕር ጠለል ተመልሶ የተሰላ እንጂ እዚያ ቦታ ላይ ያለው እውነተኛ ግፊት አይደለም፡፡ እውነተኛው 760 ገደማ ነው፡፡ የዳይኖው ሠራተኛ 1,020 ብሎ ካስገባ መሣሪያው ምንም ሳያስተካክል ይቀርና ጤነኛው መኪና ታማሚ መስሎ ይወጣል፡፡

ሁለተኛው፣ ቀመሩ የተሠራው ለጥቂት በመቶ ልዩነት ነው፡፡ እኛ ግን ከሲሶ በላይ እንዲጨምር እናስገድደዋለን፡፡ በተጨማሪም «ኤስቲዲ» የሚባል የቆየ ቀመር አለ፤ መነሻ ግፊቱ ከፍ ስለሚል ከኤስኤኢው አራት በመቶ ያህል አብልጦ ያሳያል፡፡ የእኛው 66 በአንዱ 90፣ በሌላው 94 ይሆናል ማለት ነው፡፡ ቀመሩን በመቀየር ብቻ የሚጠፋ «እርጅና» ካለ፣ ያ እርጅና ቀድሞውንም አልነበረም፡፡

ሦስተኛው የሚመለከተው ተርቦ ያላቸውን መኪኖች ነው፡፡ ተርቦ የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ከፍታ የሚወስድበት ጉልበት ከሌላው ያነሰ ነው፡፡ በእንዲህ ያለ ሞተር ላይ 1.37 ብሎ ማባዛት ያልጠፋን ነገር መመለስ ነው፤ 150 የሚሰጥ መኪና ወረቀቱ ላይ 205 ሆኖ ይወጣል፡፡ ያገለገለ ባለ ተርቦ መኪና ከነዳይኖ ወረቀቱ ሲቀርብልዎ «ያልተስተካከለው ቁጥር የታል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፡፡

ከከፍተኛው ቁጥር ይልቅ ግራፉ ብዙ ይናገራል፡፡ ከፍታ የሚወስደው ከታች እስከ ላይ በተመጣጠነ መንገድ ነው፤ መስመሩ ዝቅ ይላል እንጂ ቅርጹ አይለወጥም፡፡ ብልሽት ግን ቅርጽ ይቀይራል፡፡ መስመሩ እስከ መካከለኛው ዙር ደህና ሄዶ ላይኛው ዙር ላይ ድንገት ከጎበጠ የተዘጋ ማርሚታ፣ የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ይጠረጠራል፡፡ እንደ መጋዝ ጥርስ ከተቆራረጠ ወደ ካንዴላና ወደ ኮይል ማየት ነው፡፡ የሞተሩ ዙር ሲጨምር ጎማው የማይከተል ከሆነ ደግሞ የሚንሸራተተው ፍሪሲዮኑ ነው፤ ሞተሩ ምንም አላደረገም፡፡ ያረጀ ፋሻ በበኩሉ ይበልጥ የሚታወቀው በዝቅተኛ ዙር ነው፤ ጋዙ ሾልኮ የሚወጣበት ጊዜ እዚያ ላይ ረዘም ስለሚል፡፡

ዳይኖ በሌለበት ጋራዥ ውስጥ ብዙ ሞተር የሚፈረድበት በኮምፕሬሽን መለኪያ ነው፡፡ በእኔ እምነት ትልቁ ስህተት የሚሠራውም እዚህ ላይ ነው፡፡ አንድ የፋብሪካ መመሪያ «ጤነኛው 190 ፒኤስአይ፣ ዝቅተኛው ወሰን 140» ይላል እንበል፡፡ መመሪያው የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው፡፡ ያንኑ ጤነኛ ሞተር ላሊበላ ላይ ብንለካው፣ የሚጨምቀው አየር ገና ከመነሻው የሳሳ በመሆኑ ወደ 140 ገደማ ያነባል፡፡ ምንም ያልሆነ ሞተር በመመሪያው መሠረት ልክ የሞት ፍርዱ መስመር ላይ ተቀመጠ ማለት ነው! ስለዚህ በደጋ አገር የሚያስፈልገው ንጽጽር በሲሊንደሮች መካከል ያለው ነው፡፡ አራቱም ከ135 እስከ 142 ካነበቡ ሞተሩ ደህና ነው፤ ሦስቱ 140 ሆነው አንዱ 95 ካለ ግን በሽታ አለ፡፡ ከዚህም የተሻለው የተጨመቀ አየር በካንዴላ ቀዳዳ አስገብቶ ምን ያህሉ በመቶ እንደሚሾልክ መለካት ነው፡፡ ሹልክታው በራዲያተር ቢሆን የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ በዘይት መሙያው ቢሆን ፋሻ፣ በማርሚታ ቢሆን የጭስ ማስወጫ ቫልቭ መሆኑ በጆሮ ይለያል፤ ከፍታውም ውጤቱን እምብዛም አያዛባውም፡፡

ጥቁር ጭስም እንዲሁ ብዙዎችን ያሳስታል፡፡ ካርቡራቶር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ የሚለቀው ቤንዚን በአየሩ ልክ ስለማይቀንስ በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ድብልቁ ከአሥር በመቶ በላይ ቤንዚን ይበዛበታል፡፡ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ፍጆታው ይጨምራል፣ ከዚያ «ፋሻው ሄዷል» ይባላል፡፡ የከፍታ ማስተካከያ በሌለው ፓምፕ የሚሠሩ የናፍጣ ሃይሩፎችም ዳገት ላይ ጥላሸት የሚተፉት በተመሳሳይ ምክንያት ነው፡፡ ፋሻ ያረጀበት ሞተር ጭስ ሰማያዊ እንጂ ጥቁር አይደለም፡፡ በነገራችን ላይ፣ ለደጋው ተብሎ ቤንዚኑ የተቀነሰለት ካርቡራቶር አፋር ሲወርድ በተቃራኒው ቤንዚን ያንሰውና ቫልቭ ሊያቃጥል ይችላል፡፡ ኤሌክትሮኒክ ኢንጀክሽን ያላቸው መኪኖች ይህን በሴንሰር ስለሚያስተካክሉ፣ እንዲህ ያለ መኪና ጥቁር ካጨሰ ከፍታ ሰበብ ሊሆንለት አይችልም፡፡

ከፍታ የማያሳስበው የኤሌክትሪክ መኪና ብቻ ነው፤ ሞተሩ አየር አይተነፍስም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 ኮሎራዶ ውስጥ ከ2,800 ሜትር ተነስቶ 4,300 ሜትር ላይ በሚያበቃው የፓይክስ ፒክ የዳገት ውድድር፣ የቮልስዋገን ኤሌክትሪክ መኪና ከ8 ደቂቃ በታች በመግባት የመጀመሪያው ሆኗል፡፡

ዳይኖ ያላገኘ ሰው ዳገትን ራሱን መለኪያ ሊያደርገው ይችላል፡፡ ከነተሳፋሪው 1,400 ኪሎ የሚመዝን መኪና በመቶ አሥር የሚወጣ ዳገት ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ፣ ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 20 ያህል የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ በ70 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 36 ያህል፡፡ አንድ የታወቀ ዳገት ተመርጦ፣ በአንድ ዓይነት ማርሽ፣ በአንድ ዓይነት ጭነትና የጎማ ንፋስ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ መኪናው ሳይወድቅ የሚይዘው ፍጥነት ቢመዘገብ ከዓመት ዓመት የሚነጻጸር ልኬት ይሆናል፡፡ ለዚህ ግን የላሊበላ–ገነተ ማርያም መንገድ አይመረጥም፤ ምእመናን፣ ተማሪዎችና ጭነት የያዙ አህዮች የሚመላለሱበት ነው፡፡ ሰው የማይበዛበት፣ ፊት ለፊቱ ርቆ የሚታይ ዳገት ይፈለግ፡፡

ዳይኖ የሚያገኝ ሰው ደግሞ ሦስት ጊዜ ያስለካ፤ አራተኛ ማርሽ ላይ ቢሆን ይመረጣል፡፡ ወረቀቱ ላይ ያልተስተካከለው ቁጥር፣ የቀመሩ ስም፣ የቦታው እውነተኛ የአየር ግፊት፣ የአየሩ ሙቀት፣ የጎማ ንፋስና መኪናው የሄደው ኪሎ ሜትር ይጻፍለት፡፡ ከዓመት በኋላ ሲመለስም እዚያው መሣሪያ ላይ ያስለካ፤ የሁለት ጋራዥ ዳይኖዎች እርስ በርሳቸው አይስማሙምና፡፡