ልዋጭ ለሻምበል

እሑድ ማለዳ ነው። አማቴ ለቅዳሴ ሊሄዱ ነጠላቸውን ከማስጫው ገመድ ላይ ሊያነሱ ቢወጡ ገመዱ ባዶ ነው። ነጠላው ግቢው መሃል ነበር፤ ግማሹ መሬት ላይ፣ ግማሹ ሻምበል አፍ ውስጥ። «አንተ ከይሲ! ልቀቅ!» ብለው ጮኹ። እኔም ከወጥ ቤት እየሮጥኩ ወጥቼ «ልቀቅ!» አልኩ። ባለቤቴ ፒጃማውን እንደለበሰ «ተው! ተው!» ይላል። ልጄ በግራ፣ ታናሽ እህቱ በቀኝ ዞሩበት። ሻምበል ግን በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ተደስቶ አያውቅም። አምስት ሰው ያባርረዋል፤ አምስት ሰው ስሙን ይጠራል። ግቢውን አራቴ ዞረን ጥግ ላይ ደረስንበትና እኔ በአንድ ጫፍ፣ እሱ በሌላው ጫፍ ጎተትን። ጥለቱ እኔ እጅ ቀረ፤ ሌላው ከእሱ ጋር ሄደ። አማቴ የእኔን ነጠላ አጣፍተው ወጡ።

ሻምበል ውሻችን ነው። ክልስ ጀርመን ሼፐርድ ነው፤ ያኔ ገና የ8 ወር ጎረምሳ ነበር። ስሙን ያወጣለት ልጄ ነው፣ ማንንም ሳያማክር። ችግሩ፣ ከእኛ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ ሰፈሩ በሙሉ «ሻምበል» እያለ የሚጠራቸው ጡረታ የወጡ መኮንን አሉ። በቀን ስንቴ «ሻምበል፣ አፍህን ክፈት!»፣ «ሻምበል፣ ያንን ጫማ ልቀቅ!» እያልን በአጥር ላይ እንደምንጮህ አስቡት። ጨዋ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ብቻ እድር ላይ አጠገቤ ቁጭ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እናንተ ግቢ ስሜ ይበዛል» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እልኸኛ ነው አልን። ሰፈሩም እልኸኛ ነው አለ። አፉ የገባ ነገር አይወጣም፦ የልጆቹ የካልሲ ኳስ፣ የባለቤቴ ነጠላ ጫማ፣ ለጨዋታ ብለን የሰጠነው የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ። ምክር አልጠፋም። አንዱ አፍንጫውን በጥፊ ማለት ነው አለ፤ ሌላው መንጋጋውን ፈልቅቆ ማውጣት ነው አለ። ሁለተኛውን ሞክሬዋለሁ፤ ለማንም አልመክርም። ያደገ ውሻ አፍ ውስጥ 42 ጥርስ አለ። እጅ ሳይነከስ ቢወጣ እንኳ ውሻው የሚማረው፣ እጅ ሲቀርብ አጥብቆ መያዝ ወይም መሸሽ እንዳለበት ነው።

ነገሩን የፈቱልኝ የእንስሳት ሐኪሙ ናቸው። ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስጄው ተራ ስንጠብቅ ሻምበል የራሱን ማሰሪያ አፉ ውስጥ ከቶ ያዘ። እኔ እጎትታለሁ፣ «ልቀቅ፣ ልቀቅ፣ ልቀቅ» እላለሁ። ሐኪሙ ትንሽ አዩንና ከኪሳቸው አንድ ቁራሽ ነገር አውጥተው እግሩ ሥር ጣሉ። ማሰሪያው ወደቀ። «ልጄ» አሉኝ፣ «ይሄ እልኸኛ አይደለም፤ ነጋዴ ነው። አንቺ ትነጥቂዋለሽ እንጂ መች ገዝተሽው ታውቂያለሽ?»

ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሙሉ ሳስበው ሄድኩ። በሻምበል ጆሮ «ልቀቅ» ማለት «ልነጥቅህ ነው፣ አጥብቀህ ያዝ» ማለት ነበር። ሌላ ሰው አላስተማረውም፤ እኛው ነን በየቀኑ ያስጠናነው። ውሻ ሲጎተት ወደኋላ ይጎትታል፤ ገላው እንደዚያ ነው። ስናባርረው ይሮጣል፤ ለእሱ ማባረር የጨዋታ ሁሉ አለቃ ነው። ስንጮህበት ደግሞ አብረነው የጮህን ይመስለዋል። በዚህ ላይ ዘሩ አለ። እ.ኤ.አ. በ1899 ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ የተባለው ጀርመናዊ መኮንን የጀርመን ሼፐርድን ማኅበር ካቋቋመ ወዲህ፣ እነዚህ ውሾች መጀመሪያ ለበግ ጥበቃ፣ ከዚያም ለፖሊስና ለጦር ሠራዊት እየተመረጡ ነው የተዳቀሉት። ይዞ የማይለቅ ውሻ ሲሞገስ ኖሯል። ግን እዚያው ጀርመን በውሾች ውድድር ላይ ዳኛው ነጥብ የሚሰጠው አጥብቆ ለመያዙ ብቻ አይደለም፤ «አውስ» በሚል አንድ ቃል ወዲያው ለመልቀቁም ጭምር ነው። ለካ የያዘ አፍና የሚለቅ አፍ አይጣሉም።

«ልቀቅ» የሚለው ቃል ተበላሽቷል፤ ሌላ ያስፈልገናል። «ተው» ለልጆቹም ለውሻውም ነው። «ጣል» አማቴ ሲቆጡ የሚሉት ነው። «አምጣ» ስንለው ይሸሻል። ማታ ይህን ስናወራ ከውጭ ያ የለመድነው ድምፅ መጣ፦ «ልዋጭ! ልዋጭ!» አሮጌ ሱሪ ሰጥታችሁ የላስቲክ ባልዲ የምትቀበሏቸው ሴቶች። ልጄና እኔ ተያየን። ሐኪሙ ያሉት ንግድ ስም ነበረው ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት አፉ ውስጥ ምንም አልነበረም። ጉበት ቀቅዬ ሽምብራ አሳክዬ እቆርጣለሁ፣ ኪሴ ውስጥ በፌስታል እይዛለሁ። ሻምበል ዝም ብሎ ቆሟል። «ልዋጭ» እላለሁ፣ አንድ ትንፋሽ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ አራት አምስት ቁራጭ መሬት ላይ እበትናለሁ። ጠዋት 10 ጊዜ፣ ማታ 10 ጊዜ፤ ከ5 ደቂቃ አይበልጥም። ሰው የሚስተው ቅደም ተከተሉን ነው። ቃሉ ይቀድማል፣ እጅ ይከተላል። እጅ ከቀደመ ውሻው እጁን ያያል እንጂ ቃሉን አይሰማም። በእጅ ከማጉረስ መሬት ላይ መበተኑ የተሻለ ነው፤ ውሻው አንገቱን ደፍቶ ሲለቅም አፉ ከዕቃው ይርቃል፣ እናንተም ሳትታገሉ ታነሳላችሁ። ይህን አካሄድ በእንግሊዝ የሚሠራው አሰልጣኝ ቺራግ ፓቴል ነው በሰፊው ያስተዋወቀው።

ስለ ክፍያው አንድ ነገር ልጨምር። የወጥ ፍርፋሪ አይሆንም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ። የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። በሁዳዴ ግቢው ውስጥ ጉበት ሲሸት አማቴ አፍንጫቸውን ይዘው «እሱስ መቼ ነው የሚጾመው?» ይሉ ነበር።

በአራተኛው ቀን ዕቃ ገባ፤ ግን ሻምበል ብዙም የማይጓጓለት የገመድ ቁራጭ። ሲይዘው «ልዋጭ» አልኩ። ቆም አለ፣ ጆሮው ተነሳ፣ ገመዱ ወደቀ። ጉበቱን በላ። ከዚያ ገመዱን አንስቼ መልሼ ሰጠሁት። አማቴ በረንዳው ላይ ቡና እየቆሉ ነበር። «ልጄ፣ ለሌባ ደመወዝ ትከፍያለሽ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እንደዚያ ይመስላል። ግን ሥራው ሁሉ ያለው በመመለሱ ውስጥ ነው። ውሻ ዕቃውን የማይለቀው ከለቀቀ የማያገኘው ስለሚመስለው ነው። ከ10 ጊዜ 9ኙን ከተመለሰለት መልቀቅ ማጣት መሆኑ ያበቃል። የማይመለስለት ነገር ከሆነ፣ ለምሳሌ ነጠላ፣ ክፍያው ወፈር ይላል። ጉቦ ግን ሌላ ነው። ጉበቱን አስቀድሞ አፍንጫው ፊት ማወዛወዝ ጉቦ ነው፤ ኪሳችሁ ባዶ የሆነ ቀን ሻምበል ሒሳቡን ሠርቶ ይሄዳል። መጀመሪያ ይልቀቅ፣ ከዚያ ይከፈለው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጉበቱን ቀነስኩ፤ ጨዋታውን ራሱን ክፍያ አደረግኩት። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዴቪድ ፕሬማክ እ.ኤ.አ. በ1959 ያብራራው ነገር ነው፦ እንስሳ ይበልጥ የሚወደው ድርጊት፣ ብዙም ለማይወደው ድርጊት ደመወዝ ሊሆን ይችላል። እናቴ ፕሬማክን ሳታውቅ «ምሳህን ከጨረስክ ኳስ ትጫወታለህ» እያለች ወንድሞቼን አሳድጋለች። እኔና ሻምበል ከመነዳሪውን እንጎታተታለን። መሃል ላይ እጄን ጉልበቴ ላይ አጣብቄ አቆማለሁ። አልጎትትም፣ አላወዛውዝም፣ ዓይኑን አላይም፤ ጎማው የሞተ ነገር ይሆናል። «ልዋጭ» እላለሁ፣ አንዴ ብቻ። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ደቂቃ ያህል ሰቅዞ ቆየ፤ ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ። ሲለቅ፣ ያንኑ ቅጽበት «ያዝ!» ብዬ ጨዋታውን መልሼ አስጀመርኩ። ፊቱ ላይ የነበረውን ግራ መጋባት ብታዩ! በማግስቱ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። በሳምንቱ ቃሉን ሳልጨርሰው እየጣለ «ያዝ» እንድለው ዓይን ዓይኔን ያየኝ ጀመር። (ጎማው ከጨዋታ በኋላ ወደ ሳጥን ይመለሳል፤ ቁራጩ ከተዋጠ አንጀት ይዘጋል።)

ከውሻ ጋር መጎታተት ውሻውን አለቃ ያደርጋል የሚል ፍርሃት አለ፤ ባለቤቴም አንዱ ፈሪ ነበር። በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ሩኒና ብራድሾ የተባሉ ተመራማሪዎች 14 ጎልደን ሪትሪቨሮችን እያሸነፏቸውም እየተሸነፉላቸውም ሲያጎታትቱ፣ ማሸነፍ ውሾቹን በሰው ላይ አለቃ እንዳላደረጋቸው እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትመዋል። ባለቤቴ ይህን ከሰማ በኋላ ከመነዳሪውን የሚለቀው ሻምበል ሳይሆን እሱ ሆነ።

ሥራውን ያበላሸብኝ ልጄ ነው። «ልዋጭ!» ብሎ ሻምበልን ያስጥልና የካልሲ ኳሱን ይዞ ይሮጣል፤ ክፍያ የለም፣ መመለስ የለም። በሁለት ቀን ውስጥ ሻምበል ልጁን ሲያይ ብቻ ኳሱን ይዞ አልጋ ሥር መግባት ጀመረ። ለእኔ ይለቃል፣ ለእሱ አይለቅም፤ ማን እንደሚያጭበረብር ለይቷል። መድኃኒቱ ሁለት አንድ ዓይነት ኳስ ሆነ። ልጄ በሌላ ካልሲ የመጀመሪያውን የሚመስል ኳስ ሠራ። አንዱ ውሻው አፍ ውስጥ፣ ሌላው ልጁ እጅ ላይ። «ልዋጭ» ሲል ያኛው ይወድቃል፣ ይሄኛው ይወረወራል። ልጁ መሮጡን ትቶ እንደ ዛፍ ቆሞ መወርወር ተማረ። ያሠለጠንኩት ማንን እንደሆነ አንዳንዴ ይጠፋኛል።

አሁን ቀልዱን ትተን። የሻምበል ጉርምርምታ የጨዋታ ነው፤ ገላው ልስልስ ነው፣ ጅራቱ ይንቀሳቀሳል። ሌላ ዓይነትም አለ። ውሻው ዕቃው ላይ ድርቅ ካለ፣ አንገቱን ሳያነሳ ከዓይኑ ጥግ ነጩ እየታየ ካያችሁ፣ ከንፈሩን ከሰበሰበ፣ ስትቀርቡ አበላሉን ካፈጠነ፣ ያ ጨዋታ አይደለም። ውሾች ራሳቸው ልዩነቱን ያውቃሉ። በቡዳፔስት ተመራማሪዎች አጥንት አጠገብ ድምፅ ማጉያ ደብቀው የተቀዳ ጉርምርምታ ሲያሰሙ፣ ምግብ ጠባቂ ውሻ ያሰማው ጉርምርምታ የመጣውን ውሻ ከአጥንቱ ሲያርቀው የጨዋታው ያን ያህል አላራቀውም (ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል)። እንዲህ ያለ ውሻ ካላችሁ በልዋጭ ብቻ አትታመኑ፤ ልጆችን አርቁና የእንስሳት ሐኪም አማክሩ። ማንኛውም ውሻ ነክሶ ቆዳ ከቀደደ ደግሞ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና ማጠብና በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ነው። የተከተበ ነው፣ የሰፈራችን ነው ማለት አያዋጣም።

ስድስት ሳምንት ፈጀብን። አለቀ አልልም። ፋሲካ ዕለት የበግ እግር አፉ ገብቶ «ልዋጭ» ብለው ጆሮ የለውም፤ ኪሴ ያለው ጉበት ከበግ እግር ጋር እንደማይመጣጠን እሱም እኔም እናውቃለን። አላባረርኩትም። በሩን ዘግቼ ቡናዬን ጠጣሁ። ነጠላ ግን አንዴ ወስዶ ነበር፤ አማቴ ራሳቸው ከበረንዳው ሳይነሱ «ልዋጭ፣ የኔ ጌታ» አሉት፤ ጥሎላቸው መጣ። የቆሎ ሳህናቸውን ትተው ወጥ ቤት ገብተው ጉበቱን ሲፈልጉ አይቻለሁ።

ቃሉን ስመርጥ ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ልጄና ሻምበል ከመነዳሪውን ግራና ቀኝ ይዘው፣ ልጄ ባለ በሌለ ኃይሉ ወደኋላ ተንጋሎ ይጎትታል። ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሴት ድምፅ አወጣች፦ «ልዋጭ! ልዋጭ!» ሻምበል አፉን ከፈተ። ልጄ በጀርባው አበባ መደቡ ውስጥ ተዘረጋ። ሻምበል ወደ በሩ ሄዶ ቁጭ አለ፣ በበሩ ሥር ባለችው ክፍተት አፍንጫውን አስገብቶ ይጠብቃል። ሴትዮዋ ትጣራለች፣ እሱ ይጠብቃል። ጉበት አልነበረኝም። ፍሪጅ ከፍቼ የተቀቀለ እንቁላል አወጣሁና የሴትዮዋን ዕዳ እኔ ከፈልኩ።