ስለ ግራጫ ቀለምና ስለ ድረ ገጽ አሠራር

በአራዳ፤ ከፒያሳ አጠገብ፤ እሪ በከንቱ የሚባለውን ሰፈር ስም ከመካከላችን ያልሰማ ጥቂት ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው እሪ ቢሉ የሚደርስ የለም ማለት ነው። አንዳንድ ጓደኞቻችን የሚሠሩትን ድረ ገጽ ስመለከት ይህ ስም ትዝ ይለኛል። ርእሱ ቀይ፤ ማስታወቂያው ቢጫ፤ መደቡ አረንጓዴ ሆኖ ሁሉም ባንድ ጊዜ እሪ ይላል፤ ነገር ግን ሁሉም ስለሚጮኽ አንዱም አይሰማም።

ለዚህ መድኃኒቱ ግራጫ ነው። በስክሪን ላይ ግራጫ የሚገኘው ቀይ፤ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን በእኩል መጠን ሲደባለቁ ነው። መጠኑም ከ0 እስከ 255 ይቆጠራል። ሦስቱም 0 ሲሆኑ ጥቁር፤ ሦስቱም 255 ሲሆኑ ነጭ ነው፤ በመካከል ያለው ሁሉ ግራጫ ይባላል። ወደ ማንም ስለማያደላ ከየትኛውም ቀለም ጋር ተስማምቶ ይኖራል።

ይሁን እንጂ ዓይናችን ግራጫን ብቻውን አያየውም። ሼቭረል የተባለው ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1839 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፤ አንድ ቀለም የጎረቤቱን መልክ ይለውጣል። ግራጫ በቀይ ሲከበብ ወደ አረንጓዴ፤ በቢጫ ሲከበብ ወደ ሐምራዊ ያደላ ይመስላል። ስለዚህ ግራጫውን ከሚያዋስነው ቀለም ጋር ጎን ለጎን አድርጎ መምረጥ ይገባል።

ከማማሩ ይልቅ ግን የሚበልጠው መነበቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ መመሪያ፤ በተራ ጽሑፍና በመደቡ መካከል ያለው የብርሃን ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ 1 እንዲሆን ይጠይቃል። መጠኑ 128 የሆነው ግራጫ በነጭ ላይ 3.95 ለ 1 ብቻ ስለሆነ ይወድቃል፤ 118 የሆነው ግን 4.54 ለ 1 ስለሆነ ያልፋል። አሥር ቁጥር ብቻ ነው ልዩነቱ! ዓይናቸው የደከመ አባት በጠራራ ፀሐይ ስልካቸውን ይዘው የልጃቸውን የምዝገባ ቀን ሲፈልጉ ግን ትርጉሙ ትልቅ ነው። እንደዚሁም ቢጫ ፊደል በነጭ ላይ ከቶ አይታይም፤ መጠኑ 51 በሆነ ጥቁር ግራጫ ላይ ግን ከ11 ለ 1 በላይ ሆኖ ቁልጭ ይላል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ገጹን በሙሉ ወደ ግራጫ ለውጣችሁ ተመልከቱት። እንደዚህ ባንድ ቀለም እንደሚባዛው መጽሔታችን ሆኖ ቢነበብ ሥራው ደኅና ነው። ቀይና አረንጓዴው አንድ ዓይነት ሆነው ከቀሩ ግን፤ እነዚህን ሁለት ቀለሞች መለየት የማይችሉ ወገኖቻችን ግራ ይጋባሉ ማለት ነው።

በመጨረሻ አንድ ማስጠንቀቂያ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው፤ የከተማችንም ሕንፃዎች ግራጫ መቀባት ሲጀምሩ፤ «ሥርዓት ያዘ» ያለም አለ፤ «ደበዘዘ» ያለም አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ግራጫ ሌላውን ለማሳየት የሚዘረጋ መደብ እንጂ ብቻውን መልእክት አይሆንም። ሁሉ ግራጫ ከሆነ ዓይን የሚያርፍበት፤ መንገደኛም «በዚያ በሰማያዊው በር በኩል» ብሎ የሚያመለክትበት ያጣል።

እንግዲህ ወንድሞችና እህቶች፤ ገጹን በግራጫ አስተካክላችሁ፤ አንባቢው ሊያደርገው ለሚገባው ለዋናው ነገር አንድ ደማቅ ቀለም ስጡ። ያን ጊዜ እሪታው በከንቱ አይቀርም።