ስለ ኪራይ አይሮፕላን ነጂና ስለ ተሳፋሪው

በራስ አሉላ አባ ነጋ ስም የሚጠራው የመቐለ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,250 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ይህ ቍጥር ለተሳፋሪው የጂኦግራፊ ትምህርት ብቻ መስሎ ይታየው ይሆናል፤ ለነጂው ግን የየዕለቱ ሒሳብ ነው። በዚያ ከፍታ ያለው አየር በምጽዋ ዳርቻ ካለው አየር ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነውና፣ ክንፉ የሚደገፍበትም ሞተሩ የሚተነፍሰውም አየር በዚያው መጠን ይጎድላል። ፀሐይ በበረታ ጊዜ ደግሞ ከዚያም ይልቅ ይሳሳል። ስለዚህ በማለዳ ስድስት ሰው ያነሣ ሄሊኮፕተር በቀትር አራቱን ብቻ ማንሣት ይሆንለት ይሆናል። ሁለቱ ቀሪዎች እነማን ይሁኑ የተባለ እንደ ሆነ፣ የነጂው ችግር የሚጀምረው በዚህ ነው።

ዛሬ የምንጽፈው በየዕለቱ በታወቀ ሰዓት ሕዝብ ስለሚያመላልሰው ስለ ትልቁ አይሮፕላን ነጂ አይደለም። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነጂ ከኋላው ብዙ ሠራተኛ አለው፤ ጭነቱን የሚመዝንለት ሌላ፣ የአየሩን ጠባይ የሚነግረው ሌላ፣ ከተሳፋሪው ጋር የሚከራከርለትም ሌላ ነው። በረራው ቢቀር መንገደኛው የሚቈጣው በድርጅቱ ላይ እንጂ በነጂው ላይ አይደለም፤ የነጂውንም ፊት አያየውም። ነገር ግን ለአንድ ኩባንያ፣ ለአንድ መሥሪያ ቤት ወይም ለአንድ ባለጠጋ ተቀጥሮ ትንሽ አይሮፕላን ወይም ሄሊኮፕተር የሚነዳ ሰው ጓዙን ራሱ ይመዝናል፤ ነዳጁን ራሱ ይለካል፤ ደመናውን ራሱ ይመለከታል፤ ጌታውም በክንድ ርቀት ከጎኑ ወይም ከጀርባው ተቀምጦ ሰዓቱን ይቈጥርበታል። እንጀራውን ለሚሰጠው ሰው ፊት ለፊት «ዛሬ አይሆንም» ብሎ መናገር የዚህ ሰው የሥራው ከባዱ ክፍል ነው። መሪ መያዝንስ በትምህርት ቤት ያስተምሩታል።

በአገራችን የዚህ ዓይነቱ ሥራ ከሕዝብ ማመላለሻው ይቀድማል። የመጀመሪያው አይሮፕላን፣ ፖቴዝ የተባለው የፈረንሳይ ሥራ፣ አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር። ከጥቂት ጊዜም በኋላ እነ ሚሽካ ባቢቼፍና እነ አስፋው ዓሊ ተምረው የነጂነት ፈቃድ ተቀበሉ። በዚያ ዘመን አይሮፕላን የመንግሥት መልእክተኛ ነበረ እንጂ የመንገደኛ ማጓጓዣ አልነበረም። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል ሲሰናዳ፣ ሁበርት ጁልያን የተባለው ከአሜሪካ የመጣ ነጂ የንጉሠ ነገሥቱን ትንሽ ጂፕሲ ሞዝ አይሮፕላን አንሥቶ ሰበረና ካገር እንዲወጣ ተደረገ። ለታይታ የሚነሣ ነጂ ምን እንደሚያተርፍ አገራችን ገና በመጀመሪያው ቀን ማየቷ ነበር።

ከእርሱ በኋላ በግንቦት 1927 ዓ.ም. ከሺካጎ የመጣው ጆን ሮቢንሰን ግን የሌላ ጠባይ ሰው ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐድዋ በቦምብ ስትደበደብ እርሱ በዚያው ነበረ፤ ከዚያም ወራት መሣሪያ በሌለው አይሮፕላን በአዲስ አበባና በሰሜን ግንባር መካከል የንጉሠ ነገሥቱን መልእክት ያመላልስ ነበር። የጠላት ተዋጊ አይሮፕላን ሲመጣበት ወደ ደመናና ወደ ሸለቆ ገብቶ መሸሽ እንጂ መግጠም ሥራው አልነበረም። መሸሹን ግን ማንም እንደ ነውር አልቈጠረበትም፤ መልእክቱ ደርሷልና። ከድል በኋላ ተመልሶ ኢትዮጵያውያንን ሲያስተምር ኖሮ፣ በ1946 ዓ.ም. ለሐኪም ቤት ደም ለማድረስ ሲበርር በደረሰበት አደጋ በመጋቢት ወር ዐረፈ።

መቐለም የነጂዎችን ዋጋ በችግር ቀን ዐውቃለች። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ የእንግሊዝ ሄርኩለስ አይሮፕላኖች እህል ጭነው በመቐለና በአክሱም ያርፉ ነበር። መኪናም አይሮፕላንም በማይደርስበት ደጋ ደግሞ፣ ሄሊኮፕተር የያዙ የፖላንድ ነጂዎች አስቀድመው ወርደው ቦታውን ያሰናዱና ሕዝቡን ገለል ያደርጉ ነበር። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝና የጀርመን አይሮፕላኖች እጅግ ዝቅ ብለው እየበረሩ፣ በድርብ ከረጢት የታሰረውን እህል ይጥሉ ነበር። እነዚያ የፖላንድ ሰዎች ከዝቅተኛ አገር መጥተው የእኛን ቀጭን አየር በሥራ ላይ ተማሩ።

የፖላንድን ስም ካነሣን ዘንድ፣ ለባለ ሥልጣኖች ሁሉ ትምህርት የሚሆን ሌላ ታሪክ ከዚያው አገር እንጨምር። ነሐሴ 6 ቀን 2000 ዓ.ም. ጆርጂያ በጦርነት ላይ ሳለች፣ የፖላንድ ፕሬዚዳንት ሌሎች የአገር መሪዎችን ይዘው ወደ ትብሊሲ እንዲያርፉ ነጂውን አዘዙት። ነጂው የአየሩ መንገድ የሚያስተማምን አይደለም ብሎ እምቢ አለና በጎረቤት አገር በአዘርባይጃን አሳረፋቸው፤ መሪዎቹም የቀረውን መንገድ በመኪና ሄዱ። በፕሬዚዳንቱ ወገን ቍጣ ሆነ፤ የመከላከያው ሚኒስትር ግን ነጂውን በሜዳልያ ሸለመው። በዚያ በረራ ረዳት የነበረው ነጂ ከአንድ ዓመት ከስምንት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ዋና ነጂ ሆኖ እኚሁኑ ፕሬዚዳንት ወደ ሩሲያ ወደ ስሞሌንስክ ይዞ ሄደ። ሜዳውን ጭጋግ ሸፍኖት ነበር። አይሮፕላኑ ከተፈቀደው ልክ በታች ወርዶ ከዛፍ ጋር ተጋጨና 96 ሰው አለቀ። በዚያ ቀን በነጂው ላይ ግፊት ነበረ ወይስ አልነበረም በሚለው ነገር እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ እኛም በክርክሩ አንገባም። የመጀመሪያውን ቀን ቍጣ ያየ ረዳት በሁለተኛው ቀን ምን እንዳሰበ ግን አንባቢ ይመርምረው።

ግፊት የሚባለው ሁልጊዜ በአፍ የተነገረ ትእዛዝ አይደለም። ጥር 17 ቀን 2012 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ስመ ጥሩውን የኳስ ተጫዋች ኮቢ ብራያንትን የያዘ ሄሊኮፕተር በደመና ውስጥ ገብቶ ከተራራ ጋር ተጋጭቶ ዘጠኝ ሰው ሲያልቅ፣ የአሜሪካ መርማሪዎች ነጂውን ማንም እንዳላዘዘው ጽፈዋል። ደንበኛውን ላለማሳዘን ብሎ ራሱ በራሱ ላይ ያበጀው ግፊት ነበረ። ደግ ጌታም ቢሆን እንግዲህ፣ ዝም በማለቱ ብቻ ነጂውን ነጻ አያደርገውም ማለት ነው።

ወደ ሰሜን አገራችን እንመለስ። ከመቐለ ወደ ምሥራቅ የሚበርር ሰው ምድሩ ከሥሩ ሲሸሽ ያያል። ግመሎች ጨው ጭነው በበርሃሌ በኩል የሚወጡበት የዳሎል ሜዳ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ለግመል ብዙ ቀን የሚፈጀውን መንገድ ሄሊኮፕተር አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ይጨርሰዋል። መውረዱ ቀላል ነው። ሲመለስ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቶ፣ በቀትር ሙቀት በሳሳው አየር ላይ ማረፍ አለበት፤ በአፋፉም ላይ ነፋሱ እንደ ጅረት ይገለባበጣል። እንዲህ ሆኖ ሳለ ተሳፋሪው ከታች ሆኖ፣ «ይህች አንዲት ከረጢት ምን ትከብዳለች?» ይላል። ለነጂው አንዲት ከረጢት የለችም፤ ድምር ብቻ አለ።

ከሁሉም ይልቅ የሚበዛው ጥፋት የሰዓት ነው። በገጠር ያሉት ማረፊያዎች ብዙዎቹ መብራት የሌላቸው ስለ ሆኑ ትንሹ አይሮፕላን ሳይመሽ መነሣት፣ ሳይመሽም ማረፍ አለበት። ባለ ሥልጣኑ «በዘጠኝ ሰዓት እንመለሳለን» ብሎ ይሄዳል። ስብሰባው ይረዝማል፤ ምሳ ይቀርባል፤ አገሬው አቤቱታ አለኝ ይላል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን በችኰላ ደርሶ «ቶሎ ተነሣ» ይላል። ነጂው ቀኑን ሙሉ በክንፉ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሲጠብቅ ቈይቶ፣ በመጨረሻው ሩብ ሰዓት የሌላውን ሰው መዘግየት በነፍሱ እንዲከፍል ይጠየቃል ማለት ነው።

በደብረ ዳሞ ገዳም በገመድ የወጡ አንባቢዎቻችን ነገሩን ያውቁታል። ከላይ ሆኖ ጠፍሩን የያዘው ሰው «ቈይ» ሲል መኳንንቱም ይቈያሉ፤ ድሀውም ይቈያል። በዚያች ገደል ላይ ሳለ ማዕርጉን አንሥቶ የሚከራከረው ሰው የለም። ያ ሰው የተሳፈረበት ገመድ በዐይን የሚታይ ስለ ሆነ ይሆናል፤ አየር ግን አይታይም።

መመለስ ውርደት እንዳልሆነም ሰሜን ምስክር አለው። ጥቅምት 12 ቀን 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ሠራተኞችን የያዘ አይሮፕላን ፈቃድ ተቀብሎ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ መቐለ ሊያርፍ ሲል፣ በከተማው ላይ የአየር ድብደባ ስለ ነበረ ከመቆጣጠሪያው ግንብ እንዳያርፍ ተነገረው። ነጂውም አዙሮ ሁሉንም በደኅና አዲስ አበባ መለሳቸው። ሥራው በዚያ ቀን አልተፈጸመም፤ ነገር ግን በማግሥቱ የሚፈጽመው ሰው ቀረ። የአየር መንገዱም የሕዝብ በረራ ወደ መቐለ የተመለሰው ከአንድ ዓመት በላይ ቈይቶ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው።

ከ1990ዎቹ ወዲህ አይሮፕላንና ሄሊኮፕተር የሚያከራዩ የግል ኩባንያዎች በአገራችን ስለ ተቋቋሙ፣ መሥሪያ ቤቶችም ለሥራቸው ስለሚከራዩ፣ አንድ አሳብ እናቀርባለን። የኪራዩ ውል ሲጻፍ ሁለት መሥመር ይጨመርበት። አንደኛው፣ ስለ መነሣትና ስለ መመለስ የነጂው ቃል የመጨረሻ ይሁን፤ የተሳፋሪው ማዕርግ አይለውጠው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ነጂው ስለ አየሩ ጠባይ ወይም ስለ ክብደት ከመንገድ ቢመለስ ወይም ሳይነሣ ቢቀር፣ የቀኑ ዋጋ ለኩባንያው ሳይጎድል፣ የነጂውም ደመወዝ ሳይነካ ይከፈል የሚል ነው። ውሉንም ተሳፋሪው ራሱ ከመሳፈሩ በፊት አንብቦ ይፈርምበት፤ ጸሐፊው ስለ እርሱ አይፈርምለት።