ከመጠለያ ጣቢያ የተነሣው ባንድ

በስደት ላይ ያለ ባለሙያ ሙያውን ሳይጥል እንዴት ሊቆይ ይችላል የሚለው ጥያቄ በመካከላችን ዘወትር ይነሣል። ስለዚህ በዚህ እትማችን የሴራሊዮን ስደተኞች ያቋቋሙትን የ«ሪፊዩጂ ኦል ስታርስ» ባንድ ታሪክ በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመተ ምሕረቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በሴራሊዮን በ1991 የተቀሰቀሰው የእርስ በርስ ጦርነት እስከ 2002 ዘልቋል። ድንበር ተሻግረው ጊኒ ከገቡት መካከል ድምፃዊው ሩበን ኮሮማና ባለቤቱ ግሬስ ይገኙበታል። ካሊያ በተባለው ጣቢያ ቀድሞ የሚያውቁትን ጊታር ተጫዋች ፍራንኮን አገኙና አብረው መጫወት ጀመሩ። በ2000 በጊኒ በስደተኞች ላይ ጥቃት በመነሣቱ ግን ከድንበር ወደ ራቀው ወደ ሴምባኩንያ ጣቢያ ተዛወሩ።

መሣሪያውን ከየት አገኙት? አንድ የካናዳ እርዳታ ድርጅት ሁለት ያገለገሉ የኤሌክትሪክ ጊታሮች፣ አንድ ማይክራፎንና አነስተኛ የድምፅ ማጉያ ሰጣቸው። እርዳታው የደረሰው ግን ባላቸው ነገር መጫወት ከጀመሩ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ከጣቢያ ጣቢያ እየተዘዋወሩ ወገኖቻቸውን አጫወቱ። ከአባላቱ መካከል ወላጆቹን ያጣ ወጣት፣ እጁን በጦርነቱ የተቆረጠም ነበረበት። ሬጌንና የምዕራብ አፍሪካን የጊታር ዜማ አዋሕደው የዘፈኑት ያንኑ የስደት ኑሮ ነው።

ጦርነቱ አበቃ ሲባል ወሬውን ለማመን የተቸገረው ብዙ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ስደተኞች አገራቸውን አይተው የሚመለሱበትን ጉዞ አዘጋጀ። የባንዱ አባላትም በዚሁ ጉዞ ፍሪታውን ሄደው የቀድሞ ጓደኞቻቸውን አገኙ፤ በስቱዲዮም ዘፈኖቻቸውን ቀዱ፤ ያዩትን ይዘው ወደ ጣቢያው ተመለሱ። እንዲህ ዓይነቱ ጉዞ ማንንም ለመመለስ አያስገድድም። ዓላማው ሰው በወሬ ሳይሆን በዓይኑ ባየው ነገር እንዲወስን ነው።

ስለ ባንዱ የተሠራው ፊልም በ2005፣ «እንደ ስደተኛ መኖር» የተሰኘው የመጀመሪያ አልበማቸው በ2006 ወጣ። ከዚያም በአሜሪካና በሌሎች አገሮች ተዘዋውረው ተጫወቱ፤ ኤሮስሚዝ ከተባለው ታዋቂ የሮክ ባንድ ጋርም በአንድ መድረክ ቆመዋል።

በየብሎኩ ክራር የምትደረድሩ፣ ከበሮ የምትመቱ፣ የምትዘፍኑ ወገኖቻችን! ሩበንና ጓደኞቹ ማይክራፎን እስኪመጣ አልጠበቁም። እናንተም ተሰባሰቡ፤ የጣቢያው ነዋሪ ሊሰማችሁ ዝግጁ ነው።