ቀን ገድ አለውን?

በደብረ ታቦር በማውቀው አንድ ቤት ለልጅቷ ኒካሕ የተቆረጠው ቀን ጥር 20 ነበር። ሽማግሌዎች ተስማምተው፣ ለዘመድም ተነግሮ ካበቃ በኋላ አያትየው በጣታቸው ቆጠሩና ዝም አሉ። ቆይተውም «ይህማ አባቷ የሞተበት ቀን ነው። ገድ የለውም፤ ይለወጥ!» አሉ። የድግሱ እህል ተፈጭቷል፣ የሩቅ ዘመድም መንገድ ጀምሯል። ሙሽራይቱ አለቀሰች። አያትየው ክፉ ሆነው አይደለም፤ የፈሩት ለልጅ ልጃቸው ነው።

ውድ አንባብያን! ይህ ፍርሃት የዚያ ቤት ብቻ አይደለም። ሁለት ታላላቅ ነገሮች በአንድ ቀን ሲገጣጠሙ ሰው በቀኑ ውስጥ ምስጢር ይፈልጋል። እስቲ በቅድሚያ የአገራችንን ታሪክ እንጠይቅ።

የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡትም ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ታዲያ ይህ ቀን የመከራ ነው ወይስ የድል? ከተማይቱ ከጠላት እጅ የወጣችው ግን ከወር በፊት፣ መጋቢት 28 ቀን ነበር። በደርግ ዘመንም የድል በዓል የሚከበረው መጋቢት 28 ሲሆን ወደ ሚያዝያ 27 የተመለሰው በኋላ ነው። የእኛዋ ደብረ ታቦር ደግሞ በዚያ የድል ቀን ገና በኢጣልያኖች እጅ ነበረች፤ ነፃ የወጣችው ክረምቱ ሲገባ ነው። ጎንደርም እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጠብቃለች። ለአንዱ የደስታ የሆነው ቀን ለሌላው ገና የጭንቅ ቀን ነበር ማለት ነው።

በሒጅራ ስንቆጥረው ደግሞ ግጥጥሞሹ ጭራሽ ይጠፋል። የመጀመሪያው ሚያዝያ 27 የዋለው በ1355 ዓመተ ሒጅራ በሰፈር ወር፣ ሁለተኛው በ1360 በረቢዑል አኺር ነው። አንዱ ማክሰኞ፣ ሌላው ሰኞ ነበር። እንግዲህ ገዱ ያለው በየትኛው አቆጣጠር ነው?

ኢስላም ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥቶበታል። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም በሕፃንነቱ በ10ኛው ዓመተ ሒጅራ በሞተበት ቀን ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎችም «ለኢብራሂም ሞት ነው» አሉ። ረሱል ግን በሐዘናቸው መካከል ሆነው ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች መሆናቸውን፣ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት እንደማይጋረዱ አስተማሩ።

ዓሹራንም እንመልከት። ሙሐረም 10 አላህ ነቢዩ ሙሳን (ዐ.ሰ) ከፈርዖን ያዳነበት ቀን በመሆኑ ረሱል ጾመውታል፣ እንዲጾምም አዘዋል። በ61 ዓመተ ሒጅራ በዚያው ቀን የልጅ ልጃቸው ሑሰይን (ረ.ዐ) ካርበላ ላይ ተገደሉ። ቀኑ ግን በዚህ ሳቢያ ገደ ቢስ አልሆነም፤ ጾሙም እንደጸና አለ።

ጋብቻንም በተመለከተ የጃሂሊያ ዐረቦች በሸዋል ወር ማግባትን ይፈሩ ነበር። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ግን ረሱል ያገቧቸው በሸዋል መሆኑን እየጠቀሱ ከእርሳቸው የበለጠ የታደለች ማን እንደነበረች ይጠይቁ ነበር።

አላህ ከሌሎች ያበለጣቸው ቀናት መኖራቸው እርግጥ ነው፤ ጁሙዓ አለ፣ የዐረፋ ቀን አለ። ይህን የምናውቀው ግን በወሕይ እንጂ በግጥጥሞሽ አይደለም።

ወደዚያ ቤት እንመለስ። አባትየው ከሞቱ ሰባት ዓመት ነበር። በሒጅራ ሲቆጠር ሰባተኛው ዓመት ከሞላ ከሁለት ወር በላይ አልፎታል። ይህን ለአያትየው ሳሰላላቸው ፈገግ አሉ። የኢብራሂምን ነገር ሲሰሙ ግን እንባቸው መጣ፤ እርሳቸውም ልጅ ቀባሪ ናቸውና። በመጨረሻም «ረሱል በልጃቸው ቀን ያላሉትን እኔ በልጄ ቀን አልልም» አሉ።

ኒካሑ ጥር 20 ታሰረ። ከዚያ በፊት ግን ተሰብሳቢው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ለሟቹ ዱዓ አደረገ፤ ከሁሉም ከፍ ብሎ «አሚን» ያሉት አያትየው ነበሩ።

ወላሁ አዕለም።