አንድ አንቴና ለብዙ ቤት፦ ምልክቱ የት ይጠፋል?

በናይሮቢ በአንድ ሕንፃ የሚኖሩ ቤተሰቦች አንድ የጣሪያ አንቴና በጋራ ሲጠቀሙ በመጨረሻው ቤት ምስል ሊጠፋ ይችላል። በአናሎግ ጊዜ ደካማ ምልክት ምስሉን እያደበዘዘም ቢሆን ያሳይ ነበር። ኬንያ በ2015 እ.ኤ.አ. ወደ ዲጂታል ከተሸጋገረች ወዲህ ግን ምልክቱ ከመጠን በታች ሲወርድ ምስሉ ጨርሶ ይቋረጣል። ችግሩ የዲኮደሩ መስሎት ሌላ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል።

ማከፋፈያውን እንመልከት። ተራው ባለሁለት መውጫ ማከፋፈያ ኃይሉን እኩል ይከፍላል። አራቱ በተከታታይ ከተቀጠሉ ለመጨረሻው ቤት የሚደርሰው ከአንድ አሥራ ስድስተኛ ያንሳል።

መፍትሔው «ታፕ» የሚባለው ማከፋፈያ ነው። ከዋናው መስመር ጥቂት ቀንሶ ለቤቱ ይሰጣል፤ የቀረውን ያሳልፋል። በውስጡ በፌራይት ላይ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ አለ፤ የሚቀነሰውን መጠን የሚወስነው የዙሩ ብዛት ነው። 20 ዲቢ የተጻፈበት አንድ መቶኛ፣ 10 ዲቢ የተጻፈበት አንድ አሥረኛ ይሰጣል። ስለዚህ ባለ 20ው ለአንቴናው ቅርብ ለሆነው ቤት፣ ባለ 10ሩ ለሩቁ ይሁን። የመስመሩ ጫፍ በ75 ኦም መዝጊያ ይዘጋ፤ ክፍት ከቀረ ምልክቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ ያውካል።

አዲስ ዲኮደር ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁን በጎረቤት ቤት ሞክሩት።